አምባዛ ውስጥ ያለው ዳማከሴ

ጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሳይ
አርባ ምንጭ (ካለህ)

መሳይዬ፣ ሆዴ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ደረትህስ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ብርዱ እስኪያልፍ ነው። ደብዳቤ ስታይ ሰው የሞተ መስሎህ እንዳትደነግጥ፣ ማንም አልሞተም። በስልክ ያልነገርኩህ ስልክ ስለማላምን ነው። በስልክ ነገሩ ጠበቅ ሲል «እማዬ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ይባላል። ወረቀት ኔትወርክ የለውም፤ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

እናትህን ታውቃታለህ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያልኩ ነው ያሳደግኩህ። ወተት አምጪዋ ውሃ ሳትቀላቅል አልቀረችም፣ ባለሱቁ ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ሳይጫን አልቀረም እላለሁ። ጎረቤት በጠዋት መጥታ ደህና አደርሽ ካለችኝ ወንፊት ልትዋስ ነው እላለሁ። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሆኜ እገኛለሁ፤ ለዚህ ነው ጠባዩ ያልለቀቀኝ። አሁን ግን በእኔ ጥርጣሬ የተጎዳ ሰው አለ። የምጽፍልህ ለዚህ ነው፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

መስከረም ላይ፣ ከዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ ከፍ ብሎ፣ ቀድሞ ጎሚስታ የነበረው ግቢ ውስጥ አንድ ቢራ ቤት ተከፈተ። ቢራው ከፋብሪካ በመኪና አይመጣም። እዚያው ከጀርባ፣ በሚያብረቀርቁ በርሜሎች በትንሽ በትንሹ ይጠመቃል። ክራፍት ቢራ ይሉታል። ባለቤቱ ዘርዓብሩክ ነው፤ ያ ከአንተ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረው፣ እዚህ በመጣ ቁጥር ቆሎዬን በኪሱ ሞልቶ ይሄድ የነበረው።

እስከዚህ ድረስ ምንም የለበትም። የቢራዎቹን ስም ስሰማ ግን ጆሮዬ ቆመ። ቀለል ያለው ቆሮሶ ይባላል። መካከለኛው ቢልጫ። ጥቁሩና ከባዱ አምባዛ፤ ሦስቱም የዓሣ ስሞች ናቸው። ጠርሙሱ ላይ ዓሣው ከነጢሙ ተሥሏል። እስቲ ንገረኝ፣ ጉለሌ ላይ ዓሣ ከየት መጣ? እኛ ያለን ውሃ ክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ እሱም መስቀልን አይሻገርም። ቢራውን አንበሳ ቢለው፣ ንስር ቢለው፣ በተራራችን ስም ቢጠራው ባልገረመኝ። የሰፈሩ ሰው ግን ሳቀበት እንጂ አልጠረጠረም። ጋሽ ስብሐትን ታስታውሰዋለህ፣ ጡረተኛው የጠላ ቤቴ ደንበኛ፣ ሠላሳ ዓመት ከዚያችው አግዳሚ ያልተነሣው። «ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብለን ሳንስማማ፣ አምባዛ የሚባል ቢራ አመጡብን። አሁን ለንስሐ አባቴ በላሁ ልበላቸው ጠጣሁ?» እያለ ሰውን ሲያስቅ ሰነበተ።

እኔ አልሳቅኩም። አምባዛ የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከአንተ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ የዓሣ ሥራ የጀመርክ ዓመት፣ ለፋሲካ መጥተህ፣ ውሃ ሲጎድልበት ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚቆይ ዓሣ አለ ብለህ አጫውተኸኝ ነበር። ዘርዓብሩክ ደግሞ ከሰርዲን ቆርቆሮ ውጭ ዓሣ ያየ ልጅ አይደለም። ይህን በልቤ ያዝኩት።

የቁስቋም ዕለት ንግሡ ካለቀ በኋላ ቤቴ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ጋሽ ስብሐት አንድ ጠርሙስ አምባዛ ከኮቱ ሥር አወጣ።

«የዓለም፣ ቅመሺው» አለኝ።

«ቤቴ ድረስ የሰው መጠጥ ይዘህ ትመጣለህ?»

«የሰው ከሆነ አይደል? ቅመሽና ንገሪኝ።»

ቀመስኩት። መሳይ፣ አፌ ውስጥ የገባው ጭስ የእኔ ጭስ ነበር። ሌላው ጠማቂ ጋኑን በወይራ የሚያጥነው አንዴ ነው። እኔ ጥንስሱን ወደ ማድጋ ገልብጬ፣ ጋኑን ደፍቼ፣ ሁለተኛ አጥነዋለሁ። እናቴ ያስተማረችኝ ነው፤ ጉለሌን ብታስስ ይህን የሚያደርግ አታገኝም። ያ ሁለተኛው ጭስ ምላስ ሥር ዘግይቶ ነው የሚመጣው። አምባዛውም ዘግይቶ መጣብኝ። ከጭሱ ሥር ሌላ አንድ ሽታ ነበረው፤ የማውቀው መሰለኝ፣ ግን ስሙ ጠፋኝ። ከበርሜሉ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጋሽ ስብሐት ዓይን ዓይኔን ያያል። «ጥሩ ነው» አልኩት። ጠርሙሱን ግን አልመለስኩለትም።

ይህን ጭስ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ማን አለ? አስቻለች። ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ጠመቀች፣ ከአንድ መሶብ በላን፣ ስታመም ያስታመመችኝ እሷ ናት። አንዴ ከጠረጠርኩ በኋላ ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ስልክ ሲደወልላት ከበር ውጭ ትወጣለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዊንጌት ሄዳለች። ለቁስቋም አዲስ ነጠላ፣ ጥለቱ የሚያምር፣ ለብሳ ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ ግራዋ ይዛ ጋን ስታጥብ፣ ከኋላዋ ቆምኩ።

«አስቻለች፣ ዊንጌት ምን አለሽ?»

«ጥርሴን ነዋ እትዬ፣ እያሳከምኩ ነው። ነግሬዎት አልነበር?»

«ነጠላውስ?»

«የእህቴ ነው። ሽሮ ሜዳ ትሸጥ የለ? ለክብረ በዓሉ ብላ ሰጠችኝ።»

«ጭሴን ለዘርዓብሩክ የነገርሽው መቼ ነው?»

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ግራዋውን አስቀመጠች።

«እስቲ ማይ» አልኳት። «ቁስቋምን በይ።»

እጇን በነጠላዋ ጠረገች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ «ቁስቋም ማርያም ትመስክርብኝ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም» አለች። በእሷ ምላ የዋሸች ሴት በዚህ ሰፈር አላውቅም። እኔ ግን ምን እንዳልኩ ልንገርህ። «የሌባ መሐላ» አልኳት። ጋሽ ስብሐት ሰምቷል፣ ጎረቤትም ሰምቷል።

እሷ ግን የጀመረቻቸውን ጋኖች አጥባ ጨረሰች፣ በአፋቸው ደፋቻቸው፣ ጓዟን ጠቅልላ ወደ እህቷ ሄደች። ሌባ ሊሄድ ሲል ጋን አያጥብም። ያን ቀን ግን ይህንንም ተንኮል ነው አልኩ፤ ያን ያህል ታውሬ ነበር።

በማግስቱ ደወልኩልህ፣ ኅዳር 8። ሁሉንም ነገርኩህ። «አስቻለች ሌባ ሆና ተገኘች» አልኩህ። ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ። ከዚያ «እማዬ፣ እሷ እንኳ አይመስለኝም...» ብለህ ጀመርክና ኔትወርኩ ተቆረጠ። ቀኑን ሙሉ ተቆርጦ ዋለ።

ትንንሽ ፊደል የምታነብልኝ አስቻለች ነበረች። ስለዚህ ያ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ሳይነበብ ከረመ። ሐሙስ ዕለት ደጃፌ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይዤው ወጣሁ፤ በክንዴ ሙሉ አርቄ፣ ዓይኔን አጥብቤ፣ ከዓሣው ጢም ሥር ያለችውን ጽሑፍ አነበብኩ። «በጥንታዊው የጉለሌ እናቶች ጥበብ፣ በወይራ ጭስና በዳማከሴ ቅጠል የተጠመቀ» ይላል።

ዳማከሴ! ስሙ የጠፋኝ ሽታ እሱ ነበር። እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጄ፣ ጠላ ውስጥ ዳማከሴ አይገባም። እኔም አስገብቼ አላውቅም፣ እናቴም አታውቅም። ዳማከሴ የምች መድኃኒት ነው። አስቻለች ዘጠኝ ዓመት ከጋኑ አጠገብ ቆማለች፤ ምስጢሬን ብትሸጥ ኖሮ የምትሸጠው እውነተኛውን ነበር። የየዓለምወርቅ ጠላ ምስጢሩ ዳማከሴ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። የነገርኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

ታስታውሳለህ? አባትህ ባረፈ በዓመቱ፣ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ጋን ላጥን ስል አጠገቤ ቆመህ ለምን ይደፋል፣ ለምን ይገለበጣል፣ ለምን ወይራ ብቻ እያልክ መፈናፈኛ ታሳጣኝ ነበር። አንድ ቀን ጆሮህ ላይ ጎንበስ ብዬ «የጠላዬ ምስጢር ዳማከሴ ነው፤ ለማንም እንዳትናገር። ከአጥሩ ሥር ሂድና አንድ እፍኝ ልቀምልኝ፣ ትል ያልበላውን ብቻ፣ አንድ በአንድ» አልኩህ። ሮጥክ። ይዘህ ስትመጣ ጋኑ ውስጥ የምጨምር መስዬ ጉያዬ እከተው ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ አታለልኩህ። እየጠየቅክ ስላስቸገርከኝ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ምስጢሩን ግን ጠበቅከው፤ ይህን ያህል ዓመት ትጠብቀዋለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ትናንት ኅዳር ሲታጠን ነበር። እንደ ወትሮው ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ደጁ ላይ አቃጥሎ፣ ከቁስቋም ቁልቁል ስታየው ዊንጌት በጭሱ ተሸፍኖ አይታይም። ልጅ ሳለህ በዚህ ቀን ማልጄ እጅህን ይዤ ዳገቱን አወጣህ ነበር፤ ጭሱ እስኪያልፍ ዛፍ ሥር ቁጭ እንላለን። ትናንት ብቻዬን ቁልቁል ወረድኩ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ቢራ ቤቱ ገባሁ። ጠዋት ስለነበር ሰው አልነበረም። ዘርዓብሩክ ብርጭቆ ይወለውላል። ሲያየኝ ብርጭቆው ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

«እትዬ የዓለም! ምን እግር ጣለዎት?»

«ዓሣ ላጠምድ።»

ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ወደ ጀርባው በር ሄደ። ሰው የደበቀ ሰው ሁልጊዜ ወደ ደበቀበት ያያል።

«እነዚህን ስሞች ማን አወጣላቸው?» አልኩት።

«አንድ... እ... ማለቴ፣ አንድ ጓደኛ አለ። ዓሣ የሚያውቅ።»

«ዳማከሴውንስ ማን ነገረህ?»

«እሱማ ምስጢር ነው እትዬ። ለሰው አይነገርም።»

«ጠርሙሱ ላይ ጽፈኸው?»

ላብ አጠመቀው። ኅዳር ነው፣ ሙቀት የለም። ያን ጊዜ ከጀርባ ካለው በር ሥር ነጭ ጭስ መጣ፤ የሰፈሩ ቆሻሻ አይደለም፣ ወይራ ነው። ወዲያው አንድ ሰው ሲስል ሰማሁ። ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት ቀጥና የምትቀር፣ የማውቃት ሳል። ዘርዓብሩክ ዘሎ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ውሸት ግን አያውቅበትም።

እጄን ወደ በሩ ዘርግቼ ነበር። ግን አልከፈትኩም። ከፍቼ ሌላ ሰው ባገኝ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ንጹሕ ሰው መጠርጠሬ ነው። ከፍቼ የፈራሁትን ባገኝ ደግሞ፣ ሰው ፊት አሳፍሬው መመለሴ ነው፤ ያንን ፊት ሲያፍር ማየት አልችልም። ትናንት ከተማው ሁሉ ሲስል ነው የዋለው፣ ማን ያውቃል። ስለዚህ እኔ ያየሁት ነገር የለም። አንተ አርባ ምንጭ ነህ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ዘንዶ አላልኩህም፣ አትቀየም። ግን ያን ያህል ጎርጉሬ ምን እንዳወጣሁ አንተ ታውቃለህ።

ሰው ከእናቱ ለምን ይደበቃል ብዬ አስቤአለሁ። ስትመረቅ የተናገርኩትን አልረሳሁትም። «በጌሾ ያሳደግኩህ ከጌሾ እንድትርቅ ነው፤ ጋን አጠገብ ባገኝህ ልጄ አይደለህም» ብዬሃለሁ። ዘመድ ሁሉ አጨብጭቧል። አንተ ግን አላጨበጨብክም፣ እግርህን ነበር የምታየው። ያን ቃል ዛሬ አንስቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይፍታኝ። ጭሴንም ማንም ቢወስደው አልቆጣም፤ ለልጄ ካልሆነ ለማን ልተወው ነበር? እንዲያውም ለጋሽ ስብሐት እንዳትነግረው እንጂ፣ አምባዛው ይጣፍጣል።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ኅዳር 8 ቀን አስቻለች ሌባ ናት ስልህ፣ አለመሆኗን ታውቅ ነበር። አሁን አምስት ቀን ሆነ። እሷ አምስት ቀን ሙሉ የሌባ ስም ተሸክማ እህቷ ቤት ተቀምጣለች፤ አንተ አምስት ቀን ኔትወርክ የለህም። እኔ የሰደብኳት ጠርጥሬ ነው፣ አንተ ዝም ያልከው እያወቅክ ነው። የቱ እንደሚብስ አንተው ፍረድ። ታማ ሳለች እንኳ «መሳይ ደወለ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት። አዝኜብሃለሁ፣ አልደብቅህም። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ይላሉ፤ እኔም በዳማከሴ ስለዋሸሁህ ከአንተ የተሻልኩ አይደለሁም።

ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽሮ ሜዳ እሄዳለሁ። ሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ይቅርታ ሳልጠይቃት ጾም አልይዝም። እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ታውቃታለህ፣ ከመውደቄ በፊት ታነሣኛለች። ግን እኔ ብቻዬን ብሄድ ይቅር መባሌ ነው እንጂ ስሟ አይነጻም። ሰፈሩ «አሮጊቷ አዝናላት ነው» ይላል። ስሟን ሊያነጻላት የሚችለው ጭሱን አሳልፎ የሰጠው ሰው ራሱ ነው፤ በጋሽ ስብሐት ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ በገዛ አፉ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። ትናንት ስወጣ ዘርዓብሩክን «ለመሳይ ደብዳቤ ብጽፍ ታደርስልኛለህ?» አልኩት። «አሁኑኑ!» አለ። ከዚያ ደነገጠና «ማለቴ... ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ» አለኝ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ እሰጠዋለሁ። ሰው የሚያገኝ ይመስለኛል።

የጠርሙሱን ጽሑፍ በተመለከተ አንድ ነገር ንገርልኝ። ዳማከሴውን አታውጡት፣ ደንበኛው ወዶታል አሉ። «የጉለሌ እናቶች» የሚለውን ግን ሰርዙት። የጉለሌ እናቶች እንዲህ አድርገው አያውቁም። ያ የልጄ ፈጠራ ነው፣ የእሱን ስም ጻፉበት።

ነገ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከቁስቋም በር አጠገብ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። እስከ አራት ሰዓት አያለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከአርባ ምንጭ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ማልደህ ተነሣ።

ቁስቋም ማርያም ከክፉ ሁሉ ትጠብቅህ። እንጀራህን ትባርክልህ፣ ከዓሣም ይሁን ከጌሾ። የሰው ዕንባ እጅህ ላይ አይቅር፣ እኔም ላይ አይቅር። አሜን በል።

የምትወድህ እናትህ
የዓለምወርቅ

ከላይ ዳማከሴ ያስለቀምኩህ ስላስቸገርከኝ ነው ብዬ ጽፌአለሁ። እሱም ውሸት ነው። ሐኪሙ ጭስ ለልጁ ደረት አይሆንም ብሎኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጭስ ሌላ እንጀራ አልነበረኝም፣ ቤታችንም አንድ ክፍል ነበረች። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቅመህ እስክትመጣ ጭሱ ከቤት ይወጣ ነበር። አሁንም በርሜሉ ሲታጠን ዘርዓብሩክ ይቁምበት። አንተ ውጣና ዳማከሴህን ልቀም፤ አትቸኩል።